አረንጓዴ ማሳ ላይ የሚጠፋው ዜና

ሰኔ ላይ ከሆሳዕና ተነስቶ ወደ ዱራሜና ወደ ሾኔ የወረደ መንገደኛ በዚህ አገር ረሃብ አለ ቢሉት አያምንም። ክረምቱ ገብቷል፣ በቆሎው ከጉልበት በላይ ሆኗል፣ የእንሰቱ ቅጠል የጎጆውን ክዳን ጋርዶታል። ከአምበሪቾ ተራራ ግርጌ እስከ ቢላቴ ወንዝ ዳር ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ለምለም ነው። የ2000 ዓ.ም. ሰኔም እንዲሁ ለምለም ነበር። በዚያው ወር ግን በወላይታ፣ በሀዲያና በከምባታ የሰውነታቸው አጥንት የሚቆጠር፣ ወይም እግርና ፊታቸው ያበጠ ሕፃናት በጤና ጣቢያና በድንኳን ተኝተው አልሚ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። መንግሥት ያኔ በመላ አገሪቱ አስቸኳይ እርዳታ የሚሹ ዜጎች 4.6 ሚሊዮን ናቸው አለ። ጥቅምት 2001 ላይ ቁጥሩን ወደ 6.4 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። የእርዳታ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ችግር «አረንጓዴ ረሃብ» ይሉታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰኔ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ለዚህ አካባቢ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው የበልግ ዝናብ የዓመቱ ግማሽ ተስፋ ነው። በሀዲያው ባደዋቾ በቆሎው የሚዘራው በዚያን ጊዜ ነው። በከምባታዎቹ አንጋጫና ዶዮገና ድንቹ የሚተከለውም በዚያው ዝናብ ነው። ስኳር ድንቹ ደግሞ በክረምቱ መውጫ ተተክሎ ከበጋው መጨረሻ ጀምሮ እየተቆፈረ ቤተሰቡን እስከ አዲሱ እሸት ያሻግራል። ስኳር ድንች እንደ ጤፍ በጎተራ የሚቀመጥ ዘር የለውም፤ የሚተከለው ከነባሩ ሐረግ እየተቆረጠ ነው። ድርቁ ሲበረታ ሐረጉም ይደርቃል፣ ገበሬው ምርቱን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ተከላም ያጣል። አንድ የከሸፈ በልግ ሁለት ምርት ይዞ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ክረምቱ ይመጣና አገሩን ያለብሰዋል። ነገር ግን ገና ፍሬ ያልያዘ በቆሎ አይበላም።

እንግዲህ ጋዜጠኛው ሰኔ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው መጨረሻውን ነው። ጉዳዩ የተቆረጠው መጋቢት ላይ፣ ማንም ካሜራ ባልነበረበት ሰዓት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ለሕዝብ ስለማሳወቅ በየስልጠናው ብዙ ይባላል፤ ሳይንሱን አቅልሎ መጻፍ፣ ባለሙያ መጥቀስ፣ መረጃ ማጣራት። ሁሉም ደግ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ዙሪያ ላለው ዘጋቢ ግን ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ሌላ ይመስለኛል፦ ምንም ባልተፈጠረበት ወር ወደ ገጠር መሄድ፣ ከዚያም ወደዚያው ቦታ መመለስ። የአየር ንብረት ለውጥ እዚህ አካባቢ በአብዛኛው እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ዘገየ ዝናብ ነው የሚመጣው። የዘገየ ዝናብ ደግሞ ፎቶ የለውም።

የረሃብ ፎቶ የምንለው ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ረሃብ ምን እንደሚመስል ለዓለምም ለእኛም የቀረጹልን ሁለት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጥቅምት 1966 የታየው የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ዘጋቢ ፊልም ነው። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ምሽት አሳየውና በማግሥቱ ጃንሆይን ከዙፋን አወረደ። ሁለተኛው ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ የተላለፈው የማይክል በርክ የኮረም ዘገባ ነው፤ ምስሉን የቀረጸው ሞሐመድ አሚን ነበር። ሁለቱም ሥራዎች የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፉ ናቸው፣ ውለታቸው አይካድም። ግን ከዚያ ወዲህ ድርቅ ማለት የተሰነጠቀ መሬት፣ የወደቀ የከብት አፅምና አቧራ ሆኖ ቀረ። የአዲስ አበባ ዜና ክፍል ከሆሳዕና የመጣ ቪዲዮ ላይ ለምለም ማሳ ካየ «ሌላ ምስል የላችሁም?» ማለቱ አይቀርም። አረንጓዴው ማሳ ዜናውን ይውጠዋል።

ታዲያ መጋቢት ላይ ምን ይታያል? አንድ የእንሰት ጓሮ ቀርበን እንይ። እንሰት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ የሚያድግ ተክል ነው። በጓሮው ውስጥ ችግኙ፣ ጎረምሳውና ለመፋቅ የደረሰው እንደየዕድሜው ተለይቶ ይቆማል። ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በደጋው ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ደህና ዘመን ከሆነ የቤቱ እመቤት የደረሰውን ብቻ እየቆረጠች ትፍቃለች፣ ጉድጓድ ታስገባለች፤ ቆጮውም ቡላውም ይገኛል። በልግ ሲከሽፍ ግን ስኳር ድንቹ የተወውን ክፍተት የሚሞላው እንሰቱ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያልቃል። ቀጥሎ ጎረምሳው ይቆረጣል፤ ከእሱ የሚገኘው ቡላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቆጮውም ጥቂት ነው። ሥሩ፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ ይበላል። ሚያዝያ ላይ ከጎጆው አጠገብ የነበሩት ሁለት ረድፎች ባዶ ሆነው ጉቶና የደረቀ ቅጠል ብቻ ከተገኘ፣ ያ ቤተሰብ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊበላው የሚገባውን ምግብ እየበላ ነው። ከመንገድ ላይ ሲታይ ግን ጓሮው አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ችግኙ አለ።

ጥቅምት ላይ በሻሾጎ፣ በዱናና በቀዲዳ ጋሜላ ወረዳዎች ጥቂት ጓሮዎችን ከባለቤቶቹ ጋር ቆጥሮ የመዘገበ፣ ግንቦት ላይም እነዚያኑ ጓሮዎች ተመልሶ የቆጠረ ዘጋቢ የትኛውም ቢሮ የሌለው ዜና በእጁ ይገባል። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። የገበያውም ነገር እንዲሁ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ በእሽግ ስንት ተሸጠ? ጥጃ ያላት ላም ለገበያ ወጣች ወይ? የቆጮ ዋጋ ከበቆሎው ቀድሞ ጨመረ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በኢኮኖሚ ዘጋቢ ደብተር ላይ የሚገኙ ናቸው። የአየር ንብረት ዘገባ የሚባለው ደብተር ላይ ግን እምብዛም አይታዩም።

በዚያ ደብተር ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ሦስት ዓይነት ዜና አለን። አንዱ የአውደ ጥናት ዜና ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ባነር ተሰቅሏል፣ የመክፈቻ ንግግር ተደርጓል፣ «የአየር ንብረት ለውጥ የሚያስከትለውን ተጽዕኖ ለመቋቋም ባለድርሻ አካላት በቅንጅት ሊሠሩ እንደሚገባ ተገለጸ»። የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ሰብል፣ ማን ምን እንዲያደርግ እንደተባለ አይታወቅም፤ የንግግር አድራጊው የሥራ ኃላፊነት ግን ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። ሁለተኛው የአደጋ ዜና ነው። ሦስተኛው የችግኝ ዜና ነው።

ስለ ችግኙ ትንሽ ልቆይ። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ፣ ወሬው ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የተተከለው ቁጥር በየደረጃው ይዘገባል፤ ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለማይክሮፎን። ተከላውን መዘገብ ስህተት አይደለም፤ ሕዝብ ወጥቷል፣ ደክሟል። ግን ያው ካሜራ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ፣ በጋው ሲጠነክር፣ በዚያው ተዳፋት ላይ ቢቆም ምን ያገኛል? ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱን ከብት በላው፣ የተተከለው አገር በቀል ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ይህ ጥያቄ መርሐ ግብሩን ለመንቀፍ የሚነሳ የሚመስላቸው አሉ። በእኔ እምነት መርሐ ግብሩን ከልቡ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከባደዋቾ ጋር በምትዋሰነው ወላይታ የሁምቦ ተራራ ጥሩ ትምህርት አለው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋናነት አዲስ ችግኝ ተተክሎበት አይደለም። ዛፎቹ ቢጨፈጨፉም ሥራቸውና ጉቷቸው ከመሬት በታች በሕይወት ነበረ። ማኅበረሰቡ በወርልድ ቪዥን እየታገዘ አካባቢውን ከከብትና ከመጥረቢያ ከለለው፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ እየመረጠ ገረዘው፣ ደኑ ራሱ ተመለሰ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ትላልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም የካርቦኑን ክፍያ ለአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈጸመ። ይህ ታሪክ በውጭ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። በአማርኛ፣ ከዚያም በላይ በሀዲይሳና በከምባትኛ፣ የአንድ ክረምት የችግኝ ዜና ያህል እንኳ አልተወራለትም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ መከለል ሥነ ሥርዓት የለውም። ሪባን የሚቆርጥበት ባለሥልጣን የለም። ደኑ ሲመለስ የሚታየውም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ትንበያው እንምጣ፤ ለገበሬው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነውና። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ያወጣል። የወቅት ትንበያ የሚዘጋጀው የብዙ ዓመታት የዝናብ መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ ለሦስት እኩል ቦታ በመክፈል ነው። ታችኛው ሲሶ ከመደበኛ በታች፣ መካከለኛው መደበኛ፣ ላይኛው ከመደበኛ በላይ ይባላል። ከዚያ መጪው ወቅት በየትኛው ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል ለሦስቱም በመቶኛ ዕድል ይሰጣል። እንበልና ለአንድ አካባቢ 45 በመቶ ከመደበኛ በላይ፣ 35 በመቶ መደበኛ፣ 20 በመቶ ከመደበኛ በታች ተባለ። ዜና ክፍል ሲደርስ መቶኛው ይወድቅና «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ያገኛሉ» ይሆናል። 20 በመቶው ጠፋ። ከአምስት አንድ ዕድል ማለት ግን ማዳበሪያ በብድር ለወሰደ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ያ አንዱ የደረሰ ዓመት ገበሬው ሚቲዎሮሎጂን ውሸታም ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሬዲዮኑን ይዘጋዋል። ውሸታሙ ግን ትንበያው አልነበረም፤ መቶኛውን የቆረጠው አርታኢ ነው።

ሌላም አለ። የወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው መጠን ነው። ገበሬው የሚፈልገው ስለ ጊዜው ነው። መጋቢት ሦስት ሳምንት ሙሉ ደርቆ ሚያዝያ ላይ በአንድ ሳምንት የዘነበ በልግ በድምር ሲታይ መደበኛ ሊባል ይችላል፤ በመጀመሪያው ጠብታ የተዘራው በቆሎ ግን ደርቆ ሁለተኛ ዘር ጠይቋል። ቦታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አምበሪቾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ትቀመጣለች፣ ሶሮ ደግሞ እየወረደ እየወረደ እስከ ኦሞ ሸለቆ ቆላ ይዘልቃል። በአንድ ዞን ውስጥ በብርዱ ድንች የሚተክልም በሙቀቱ ማሽላ የሚዘራም ገበሬ አለ። ለሁለቱም «የማዕከላዊ ኢትዮጵያ አካባቢዎች» ተብሎ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም አይጠቅምም። በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መረጃ ይዞ ወደ ዞኑ ግብርና መምሪያ ገብቶ «ይህ ለጊቤ ወረዳ ምን ማለት ነው? ለአንጋጫስ?» ብሎ መጠየቅ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ከአውደ ጥናቱ የሻይ ዕረፍት ብዙም አይበልጥም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስህተት ላንሳ፤ ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ብዙ ዘገባዎች በአንድ ትንፋሽ «በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ» አሉት። ሊሆን ይችላል፤ ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማልና የከባድ ዝናብ ዕድል እየጨመረ መሄዱ የታወቀ ነው። ግን ያ ተዳፋት የተናደው በዝናብ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የታረሰው ዳገት፣ የተቆረጠው ዛፍ፣ ከዳገቱ ሥር የተሠራው ቤት ሁሉ አለበት። ማስጠንቀቂያ ደርሶ ነበር ወይ የሚለውም አለ። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ የሚዘጋ ዜና ከነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ባለሥልጣኑን ነፃ ያወጣዋል። ለአካባቢ አስተዳደር ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ጥፋተኛው ሰማይ ነው፣ ሰማይ ደግሞ አይጠየቅም።

የሻሾጎ ጎርፍም ይኸው ነው። ሻሾጎ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፤ ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ውኃ ደለሉን ይዞ ወደ ቦዮ ሐይቅ አካባቢ ይመጣል፣ ማሳውንና መንደሩን እያጥለቀለቀ። ዝናቡ ከድሮው በርትቶ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ተፋሰስ መራቆቱና የወንዙ አልጋ በደለል መሞላቱም እኩል ተጠያቂ ናቸው። ዘጋቢው ጎርፉን ለመዘገብ ሻሾጎ ይሄዳል። ምክንያቱን ለመዘገብ ግን ሽቅብ፣ ወደ ሌሞና ወደ አናሌሞ ዳገት መውጣት ይኖርበታል፤ እዚያ ደግሞ ጎርፍ የለም፣ የሚቀረጽም ነገር የለም። እንደገና ያው ችግር።

ቁጥርን ከቦታ ወደ ቦታ ማሻገርም አደጋ አለው። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ስብስብ ሚያዝያ 2015 ላይ ባወጣው ጥናት የአፍሪካ ቀንድን ለተከታታይ ወቅቶች የመታው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ቢያንስ መቶ እጥፍ ጨምሯል አለ። ትልቅ ግኝት ነው፤ ሲነበብም ያስደነግጣል። ነገር ግን ጥናቱ የተመለከተው ደቡባዊ ኢትዮጵያን፣ ደቡባዊ ሶማሊያንና ምሥራቃዊ ኬንያን ነው፤ የቦረና ቆላ እንጂ የዱራሜ ደጋ አይደለም። መቶ እጥፍ ያደረሰውም የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ከአፈርና ከቅጠል የሚያተነው እርጥበት ጭምር ነው። ያንን ቁጥር ወስዶ ለሆሳዕና የሰጠ ጋዜጠኛ ሳይንስ የጠቀሰ ይመስለዋል።

ስለ ሙቀቱ በእርግጠኝነት መጻፍ ይቻላል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል። የዝናቡ ነገር ግን እንደዚህ አይጨበጥም። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይህንን እንቆቅልሽ ብለውታል። ለአንባቢ እንደዚያው መንገር ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዝናቡ እንዴት እንደሚሆን አከራካሪ ነው፣ ስለዚህ ለሁለቱም መዘጋጀት ይበጃል። ገበሬ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እርግጠኛ ባልሆነ ሰማይ ሥር ነው። የሚቸገረው እርግጠኛ ርዕስ የለመደው አርታኢ ነው።

ታዲያ ይህንን ሁሉ ማን ይናገር? የአገር አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ከሆሳዕና የሚፈልጉት የሁለት ደቂቃ ዜና ነው፤ አንፈርድባቸውም፣ አገሩ ሰፊ ነው። ሥራው የአካባቢው ሬዲዮ ነው። የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች እኩል አንድ ዘርፍ አድርጎ ካወቀ ወዲህ ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ የከምባታ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከአዲስ አበባ የማይገኝ ሁለት ነገር አለው፤ ቋንቋውና ቅርበቱ። እንሰት የምትፍቅ ሴት የቆጮዋን ነገር በአማርኛ ስትጠየቅ ሦስት ቃል ትመልሳለች፣ ወይም ባሏ ይመልስላታል። በቋንቋዋ ስትጠየቅ የትኛው የእንሰት ዓይነት ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛው በአጠውልግ በሽታ ቶሎ እንደሚወድቅ፣ እናቷ በየትኛው ክፉ ዘመን ምን እንደበሉ ትነግርሃለች። ይህ በባለሙያው ንግግር ላይ የሚጨመር ማስዋቢያ መስሎ የሚታያቸው አዘጋጆች አሉ፤ «የአርሶ አደር አስተያየት» ብለው ለአሥራ አምስት ሴኮንድ መጨረሻ ላይ ይለጥፉታል። የመረጃው ምንጭ እሷ ናት። ባለሙያው የተናገረችውን ሊያብራራ፣ ካስፈለገም ሊሞግት ይጠራ።

አጠውልግን ካነሳሁ አይቀር፣ እንሰት ላይ የጎዳንን የዘገባ ልማድ ልናገር። በጥር 2014 የብሪታንያው ኪው የዕፅዋት ተቋምና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ጥናት እንሰት በአፍሪካ ሰፊ ቦታ ሊለማ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ሊመግብ እንደሚችል ገለጸ። ቢቢሲ «ድንቅ ሰብል» ብሎ ዘገበው። የእኛ መገናኛ ብዙኃን ደግሞ የቢቢሲን ዘገባ ተርጉመው አቀረቡት። ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበውን ተክል፣ በጓሯችን ያለውን፣ ለንደን ዞሮ ሲመጣ ነው ዜና ያደረግነው። ትርጉሙም ቢሆን የጎደለው ነበረ። እንሰት ድርቅ ይቋቋማል ማለት ደህና ነው፤ ግን በዚያው ጓሮ አጠውልግ ሲገባ በአንድ የተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል፣ እስካሁንም የሚያድን መድኃኒት የለውም። የሚመከረው የታመመውን ነቅሎ መቅበርና መሣሪያውን በእሳት ማጥራት ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በሽታውን በሳይንስ ከገለጹት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ከድርቅ መድን ነው የተባለ ሰብል በበሽታ እየወደቀ ከሆነ፣ የአየር ንብረት ዘጋቢ ሊከታተለው የሚገባ አንደኛ ጉዳይ አይደለም ትላላችሁ?

ክፉ ክፉውን ብቻ ማውራትም ሰውን ያደክማል። ዶዮገና ላይ በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣር ተተክሎ አፈሩን ይይዛል፣ ሣሩ እየታጨደ በግ ይደለብበታል፤ የዶዮገና በግ ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው። ከአረካ የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ለዓመታት የተሠራበት አካባቢ ነው። ይህ ዜና «ስኬታማ ተሞክሮ» በሚል ርዕስ ሲጻፍ ማንም አያነበውም። አንድ ቤተሰብ ከእርከኑ ጠርዝ በታጨደ ሣር ስንት በግ አደለበ፣ ለፋሲካ ስንት ሸጠ፣ እርከኑን ለመሥራት የስንት ቀን ጉልበት ወጣበት፣ ጎረቤቱ ለምን አልሠራም ተብሎ ሲጻፍ ግን አንጋጫ ያለው ገበሬ ያደምጣል። የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ናት። ጎረቤቱ ያልሠራው መሬቱ ጠባብ ስለሆነ፣ ወይም ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ጉልበት ስለሌለው ሊሆን ይችላል። የሆሳዕና ወጣት ፍልሰት ሥሩ ብዙ ነው፤ እሱንም እንደ ናዳው በአየር ንብረት ብቻ ማሳበብ ስህተት ነው። ግን እርከን የሚሠራ ጉልበት ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ከፍልሰቱ ነጥሎ መጻፍም አይቻልም።

የገንዘቡን ነገር ሳልነካ ባልፍ ያስታዝበኛል። በክልልና በዞን ያለ ዘጋቢ መኪና የለውም። መኪና ያለው ፕሮጀክቱ ነው፣ የውሎ አበሉንም የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ነው፤ ስለዚህ ዘጋቢው የሚያየው ፕሮጀክቱ እንዲያይ የፈለገውን ነው፣ የሚሄደውም ፕሮጀክቱ በሚሄድበት ቀን ነው። መጋቢት ላይ በዘገየ ዝናብ መካከል ማንም የመስክ ጉብኝት አያዘጋጅም። ከሆሳዕና ወደ ሾኔ፣ ከሾኔ ወደ ዱራሜ የሚሄደው ሚኒባስ ግን በየቀኑ አለ፣ ዋጋውም የአንድ አውደ ጥናት ባነር አይሞላም። የጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ዘጋቢ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ያንን የመሳፈሪያ ገንዘብ ከመደበኛ በጀቱ ቢመድብ፣ ከሚጋበዝባቸው ስልጠናዎች ሁሉ የበለጠ ያተርፋል።

ጊዜውም አጭር ነው። ጳጉሜን 2017 ላይ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ተካሂዷል። ብራዚል ቤሌም ላይ ኅዳር 2018 በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግሞ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በኢትዮጵያ እንዲካሄድ ተወስኗል። ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፤ ከጉባኤው አዳራሽ ወጣ ብለው የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ የአንድ ቀን ጉዞ። ወቅቱ መኸር ስለሚሆን ስንዴው በስሎ፣ ጓሮው ለምልሞ ያገኙታል፣ በጎ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት የሚያልፉትን በልጎች በየመጋቢቱ እየተመላለሰ የመዘገበ፣ የጓሮ ቆጠራውንና የሐረጉን ዋጋ በቀን በቀኑ የያዘ አንድ የዱራሜ ወይም የሆሳዕና ዘጋቢ ካለ ግን፣ የሚጠየቀው እሱ ነው የሚሆነው።